የንጹህ ውሃ እናቶች

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ መሥሪያ ቤት አዲስ መዝገብ ተከፈተ፤ ይሄን ደብተርም አብሬ ከፈትኩ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነው። የቀረውን የት ላድርሰው?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ አስመጪ ኩባንያ የኦርጋኖቲን ወገን የሆነ ኬሚካል ሊያስገባ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ከካርቦን ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ነገር ነው፤ ፕላስቲክ በሙቀት እንዳይበላሽ ይጨመርበታል፣ የዚህ ወገን የሆኑት የጀልባ ሆድ በሚቀባበት ቀለም ውስጥም ይገባሉ። ለባለቤቴ ሳስረዳት ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ቆርቆሮ ዓሣ ገደለ የምትለኝ ከጣራ ላይ ወድቆበት ነው?» አለችኝ።

የእኛ ድርሻ መመደብ ነው፤ ለውሃ ውስጥ ሕይወት አደጋው ስንተኛ ደረጃ ይሁን የሚለውን፤ አንደኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ኩባንያው ሦስተኛ ይበቃዋል ይላል። ሦስተኛ ከሆነ በርሜሉ ላይ የሞተ ዓሣ ሥዕል አይለጠፍም፣ የሚጠቀምበት ፋብሪካ እጣቢም እንደ ልቡ ወንዝ ይገባል። ኮሚቴው መጋቢት 25 ይቀመጣል። እስከዚያ የራሳችን ውጤት ካልቀረበ የኩባንያው ወረቀት እንዳለ ይጸድቃል። ሃላፊዋ ይሄን ስትነግረኝ፣ «በእርስዎ እጅ ነው ጋሼ» አለች። ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ቁንጫ፣ ዓሣ የሚበላትን ከነጥብ ብዙ የማትበልጥ ፍጥረት፣ አርብቻለሁ። በማን እጅ ሊሆን ኖሯል።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ጀመርን። በየብርጭቆው አንዲት እናት ቁንጫ። አሥሩ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሃምሳዎቹ ኬሚካሉ በአምስት መጠን ተበጥብጦባቸዋል። ሃያ አንድ ቀን። በየቀኑ የተወለዱትን ቆጥሮ ማውጣት፣ ውሃ መቀየር፣ ማብላት። የንጹህ ውሃዎቹ እናቶች በአማካይ ስልሳ መውለድ አለባቸው፣ ከአሥሩም ከሁለት በላይ መሞት የለባቸውም። አለበለዚያ ፈተናው ውድቅ ነው። ንጹህ ውሃ ውስጥ የሚሞት እንስሳ ስለ መርዝ ምንም አይመሰክርም።

አብራኝ የምትሠራው ኬሚስቷ ናት። በቀን አሥር ቃል ከተናገረች ብዙ ነው፤ ጸጥተኛዋ እላታለሁ። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሷ ውሃውን ትለካለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ልጆች መጡ። አሁን ነው ሥራው። ከሥር የሚያበራው የመቁጠሪያ መስታወት አምፖሉ ደክሟል፣ እንዲቀየር ጠይቄያለሁ። የዘንድሮው ቅጽም መስመሩ ፈዛዛ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ በቀለም ይሰስታል። ወፍራም እስክሪብቶ ገዛሁ።

ጸጥተኛዋ የቆጠርኩትን ብርጭቆ ለማጠብ ስትወስድ በጣም ትቆያለች። የሰነፍ ልጅ አትመስልም ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

አምፖሉ ተቀየረ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የድሮውን አብርቶ አሳየኝ። «ይሄ ምን ሆነና?» አለ። እኔ እንጃ። አዲሱም ያው ነው።

ብርጭቆ ሰባት። እናቲቱን በፒፔት መጥጬ ወደ አዲሱ ውሃ ሳሻግር ጫፉ ላይ ቀርታ ኖሯል። አላየኋትም። ሳገኛት ደርቃለች። ከንጹህ ውሃዎቹ አንዷ ነበረች። ቅጹ ላይ «ሞታ ተገኘች» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ሞታ ነው ያገኘኋት።

ሐሙስ፣ ጥር 23

ሌሎች ሁለትም ሞቱ፤ በንጹህ ውሃ። ሦስት ሆኑ። የተወለዱትም ከሚጠበቀው ግማሽ አይሞሉም። ሃላፊዋ ቅጹን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። «ምን ነካቸው?» አለች። «እንጃ» አልኩ። «እንደገና እንጀምራለን» አለች፣ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ብርጭቆ ሰባትን ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ምግቡ አወራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ቤት ዋልኩ። ደረጃው ላይ ተደናቅፌ ጉልበቴ ተላጠ፤ የመጨረሻው እርከን ተሸርሽሯል። ታናሽ እህቴ ከመንገድ ማዶ እጇን አውለብልባ ዝም አለኝ ብላ ለባለቤቴ ስሞታ አቅርባለች። ሐሳብ ይዞኝ ነው።

ባለቤቴ ዛሬ መርፌዋን ራሷ ስትሰካ አየኋት። ከተጋባን ጀምሮ ክር የምሰካላት እኔ ነበርኩ፤ ዓይንህ ለመርፌ የተሠራ ነው ትለኝ ነበር። «ስጪኝ» ስላት፣ «ደረሰልኝ እኮ» አለችኝ። አልደረሰላትም። ምላሷን ነክሳ እየሞከረች ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ካርድ አስቀምጣለች። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከመጋቢት በኋላ ይታያል።

አርብ፣ የካቲት 1

ሁለተኛው ፈተና ተጀመረ። አዲስ እናቶች። ፒፔቱን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ሳሻግር ሦስት ጊዜ አረጋግጣለሁ። ቀኑ አይበቃኝም። ጸጥተኛዋ፣ «የእናቶቹን ማሻገር እኔ ላግዝዎ?» አለች። «ውሃሽን ለኪ» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ጆሮዬን አቃጠለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ሦስተኛዋ የንጹህ ውሃ እናት ዛሬ ጠዋት ሞተች። በቃ። ሁለተኛውም ወደቀ።

የኩባንያው ሰውዬ መጥቶ ነበር። ሽቅርቅር፣ ትሁት ሰው ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን፣ ቁንጫዎቹን የማረባበትን አሮጌ ገንዳዬን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «እነዚህ ደህና ይዋኛሉ» አለ። «ሰው ሲደክመው እንስሳቱም ይደክማሉ እንጂ፣ የእኛ ዕቃ ያን ያህል ክፉ አይደለም። ጡረታዎ ስንት ቀረው አባቴ?» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ከምሳ ስመለስ የሃላፊዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ስልክ ላይ ናት። «የለም፣ እሱን አልቀይርም» ስትል ሰማሁ። ከዚያ አዳመጠች። «አውቃለሁ ደክሟል። ግን እንደ እሱ የሚያውቃቸው የለም።»

የትኛውን ቃል ይዤ እንደገባሁ አላውቅም። ሁለቱንም መሰለኝ። የንጹህ ውሃ እናቶቼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ? በእጄ ነክቼ፣ በፒፔት ጫፍ ጨፍልቄ፣ ምግባቸውን አዛብቼ ይሆን? ስልሳ ብርጭቆ ነው። ሁሉንም አስታውሳለሁ ማለት አልችልም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሰው የሌለበት ቀን ነው ብዬ ሄድኩ። ልጻፈው፣ ቀስ ብዬ።

ገንዳው አጠገብ ተቀምጬ የሰውዬው ነገር መጣብኝ። እነዚህ ደህና ይዋኛሉ። እውነቱን ነው። ገንዳው ጢም ብሏል፤ የሚያበላቸው የእኔ እጅ ነው፣ የሚነካቸውም የእኔ ፒፔት። እጄ ገዳይ ቢሆን እነሱን ማን አተረፋቸው? በገንዳውና በብርጭቆዎቹ መካከል ልዩነቱ ምንድነው ብዬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ብርሃኑ ያው። ምግቡ ያው። ውሃው ከአንድ ማጠራቀሚያ። ግን ገንዳውን የምሞላው በጆግ ከማጠራቀሚያው ቀድቼ ነው፤ የብርጭቆዎቹ ውሃ የሚመጣው ግድግዳውን ተከትሎ በሄደው ቱቦ ነው።

ቱቦው አዲስ ፕላስቲክ ነው። አሮጌው አረንጓዴ ሆኖ አስጠልቶኝ በኅዳር መጨረሻ ይቀየርልኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሄጄ ዳሰስኩት። ውስጡን በጣቴ ሳየው ያሙለጨልጫል። ጫፉን ቆርጬ አሸተትኩት። የምንፈትነው ኬሚካል ጠርሙስ ሲከፈት ያለችው ሽታ አለች፤ ቀጭን፣ አፍንጫ ሥር የምትቀር። ሁለቱን እያፈራረቅኩ ብዙ አሸተትኩ። ሌላ ነገር ባይሆንልኝ አፍንጫዬ ደህና ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ቧንቧ ሠራተኛውን አስጠራሁት። «ቆንጆ ቱቦ እኮ ነው ያመጣሁልህ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ» አለ። ለስላሳና ጥርት ያለ እንዲሆን ምን እንደሚጨመርበት አያውቅም፤ በምን ሊያውቅ ይችላል። ጸጥተኛዋ ቱቦው ውስጥ ያደረውን ውሃ ወስዳ ለካች። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ መጥታ ከፊቴ ቆመች። ያ የተለመደ ዝምታዋ አልነበረም፤ የምትናገረው በዝቶባት ነው።

«ኦርጋኖቲን» አለች። «የእኛው ዘመድ። ንጹህ የምንለው ውሃ ንጹህ አልነበረም ጋሼ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ እሷም ወደ እኔም አየ። «እና እኔ ነኝ የመረዝኳቸው?»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩህ» አልኩት። «ለሁለት እንካፈለው።» ሳቀ፣ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም። እስኪመሽ ሳይጠብቅ ቱቦውን ከግድግዳው ነቅሎ ጨረሰ። በምትኩ የመስታወት ቱቦ ይገጥምልናል።

ሃላፊዋ ወረቀቱን ስታነብ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። «በቃ፣ ምክንያቱ ተገኘ» አለች። ሁሉም ወደ እኔ እያየ ፈገግ አለ። ምክንያቱ ሁሉ ተገኘ ማለት ነው? ብርጭቆ ሰባትስ? ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ሦስተኛው። እናቶቹ ከገንዳው ልጆች፣ ውሃው በጆግና በመስታወት ብቻ። ቀኑ ተሰልቷል፤ መጋቢት 19 ያልቃል። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ወለዱ። ሁሉም በሕይወት አሉ።

ብርጭቆ ሦስት፦ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አንሶ ስለታየኝ ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። ሦስተኛ አልደገምኩም።

እሁድ፣ መጋቢት 8

ዛሬ በቀኝ ዓይኔ ብቻ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ ከግራው ይሻላል። በግራው ብቻ ሳይ ቁጥሮቹ ጭጋግ ውስጥ ገቡ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ካለፈው ክረምት መሰለኝ። አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ካለፈው ክረምት።»

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ምን ያስፈራሃል?» አለችኝ። መታወር እንዳልል፣ እውነት አይደለም። «አታይም ብለው ገንዳዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል» አልኳት። ለሰው ስናገረው እንደ ሕፃን ልጅ ነገር ሆነብኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ተናገርኩ።

ከሁሉ በፊት ለጸጥተኛዋ ነው የነገርኳት። የእኔ ቁጥር ለማስረጃ እንደማይሆን፣ ከጥር ጀምሮ ያለው ሁሉ እንደሚጠረጠር፣ ኮሚቴ ፊት አንድ ጠያቂ ቢነሳ ፈተናው እንደሚፈርስ። ብርጭቆ ሰባትንም ነገርኳት። ሁሉንም ጨርሼ ቀና ስል እየሰማችኝ መሳቢያዋን ከፍታ ሰማያዊ ደብተር አውጥታ ነበር።

ገለጠችው። ከጥር 16 ጀምሮ እያንዳንዱ ብርጭቆ፣ እያንዳንዱ ቀን። እርስዎ እንዲህ፣ እኔ እንዲህ። እኔ የቆጠርኩትን ሁሉ ላጥብ ነው እያለች ወስዳ ስትቆጥር ኖራለች። ብርጭቆ ሦስት ቅዳሜ ዕለት አሥራ ስምንት ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝን ልጻፈው፤ ንዴት ነው። «ሁለት ወር ሙሉ ስትሰልዪኝ» አልኳት።

«ቢቆጠር ነው የሚሻለው ብዬ ነው» አለች። «የመጀመሪያው ቀን ልነግርዎ ነበር። ግን ፒፔት እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከየት ልጀምር?» በአንድ ትንፋሽ ይሄን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ለማንም አልተናገርኩም። ራስዎ እስኪናገሩ እየጠበቅኩ ነበር። ባይናገሩ ኖሮ በመጨረሻው ቀን ልናገር ነበር፤ እሱን አልዋሽዎትም።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የጥርን ገጾች አንብቢልኝ አልኳት። የእሷም ቁጥር ለንጹህ ውሃ እናቶች ሠላሳ ስምንት ነው፤ እስከዚያ ቀን ከሚጠበቀው በታች። የጎዳቸው ቱቦው ነው። ዓይኔ ያጠፋው ሌላ ነው፣ ቱቦው ያጠፋው ሌላ ነው። ሁለቱን ለያይታ ይዛልኝ ኖራለች።

አብረን ሃላፊዋ ዘንድ ገባን። ሁሉን ሰማች። ብርጭቆ ሰባት ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ያስቀይመኛል» አለች። «ልክ ነዎት» አልኩ። «አይደለም፣ እርስዎ ልክ አልነበሩም።» ከዚያ ባዶ ወረቀት ገፍታልኝ፣ «ይጻፉት። በእጅዎ፣ በፊርማዎ፣ ከፈተናው ጋር ይያያዛል። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሰው ይቆጥራል፤ እሷና የማይክሮስኮፕ ክፍሉ ባለሙያ። እርስዎ ምግቡን፣ ውሃውን፣ እናቶቹን ይይዛሉ። ማሻገሩን ግን አይነኩም።»

ገንዳው ከእኔ ጋር ቀረ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

አለቀ። ከንጹህ ውሃዎቹ አሥር እናቶች አሥሩም በሕይወት። በአማካይ ዘጠና አንድ። ኬሚካሉ ባለበት ግን፣ በትንሹ መጠን እንኳ፣ ልጆቹ በአንድ ሦስተኛ ቀንሰዋል። ከዚያ በላይ ያሉት እናቶች በሕይወት ኖረው ባዶአቸውን ይዋኛሉ። ኩባንያው እናቶቹ አልሞቱም ነው የሚለው። እውነት ነው፣ አልሞቱም። የሚተካቸው ግን የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 25

ኮሚቴው ተቀመጠ። የኩባንያው ሰውዬ በትህትናው እንደተለመደው ነው። ሁለት ጊዜ የወደቀ ፈተና፣ ሲል ዘረዘረ። የተበከለ ቱቦ። ዓይኑ የማያይ ቆጣሪ። «ክቡራን፣ በዚህ ላይ ተመሥርታችሁ ነው አንድ ድርጅት የምትቀጡት?»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። ተነሳሁ። ያዘጋጀሁት ወረቀት ነበር፤ ማንበብ ስለማልችለው ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

«ያሉት ሁሉ እውነት ነው» አልኩ። «የሚያውቁትም እኛ ስለጻፍነው ነው። የወደቁትን ሁለት ፈተናዎች ከመዝገቡ አላወጣናቸውም፤ ስህተቴ በፊርማዬ ተያይዟል። በሦስተኛው ፈተና ከእኔ ቁጥር አንድም አልተወሰደም። ከመጋቢት 9 ጀምሮ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቆጥረዋል፣ ከዚያ በፊት ያለው የኬሚስቷ ቁጥር ነው፣ የሁለቱም ደብተር እዚህ አለ። ስለ ቱቦው ደግሞ ልጨምር። ቱቦው ውስጥ ያደረው ኦርጋኖቲን ከዚህ ቡና ስኒ ውስጥ ካለ አንድ የስኳር ቅንጣት ያንሳል። ንጹህ ውሃ ነው ብለን ሃያ አንድ ቀን ሳንሞላ እናቶቹን ገደለብን። እኛ ማስረጃ ፍለጋ ስንደክም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

የኩባንያው ሰውዬ ወረቀቱን አስተካከለ። ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበቡ።

አንደኛ ደረጃ። ለውሃ ውስጥ ሕይወት እጅግ መርዛማ፣ ጉዳቱም ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ። ሥዕሉ በርሜሉ ላይ ይለጠፋል፣ እጣቢው ሳይጣራ አይለቀቅም። ስንወጣ ጸጥተኛዋ ክንዴን ያዘች፤ ደረጃ ነበረ። አልከለከልኳትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 2

የግራ ዓይኔ ሞራ ዛሬ ተነሳ። ሐኪሙ ሥራው ላይ ሳለ ስለ እግር ኳስ ያወራል። በቀኙ እየጻፍኩ ነው፤ ባለቤቴ ደብተሩን ቀምታኝ ነበር፣ ለምኜ ነው ያስመለስኩት። ቀኙ በግንቦት ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሥራ ገባሁ። ጸጥተኛዋን ሳያት ግንባሯ አጠገብ ሁለት ሦስት ሽበት አለ። ትንሽ ልጅ ትመስለኝ ነበር እኮ። ነገርኳት፤ ሳቀች፣ ድምፅ አውጥታ።

ከረፋዱ በኋላ ዘበኛው አንዲት ሴት ይዞ መጣ። ከወንዙ ማዶ ዓሣ ታረባለች። የኮሚቴውን ውሳኔ ሰው ነግሯት ነው የመጣችው። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ ጥርት ያለ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ የቱቦ ቁራጭ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«ሁለት ዓመት ነው» አለች። «ትልልቆቹ ደህና ናቸው። ጫጩቶቹ ግን አይበረክቱም። የማጠራቀሚያዬን ቱቦ ከቀየርኩ ወዲህ መሆኑ ትዝ ያለኝ ትናንት ነው። እስካሁን እጄ ላይ የሆነ ነገር አለ ብዬ ነበር። እማማ የጀመሩት ገንዳ ነው፤ በእሳቸው ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ለልጄ ልተወው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን አትንኪው ብያታለሁ፣ እኔ ያጠፋሁት መስሎኝ።»

ቁራጩን አንስቼ አሸተትኩት። ከዚያ ለጸጥተኛዋ አቀበልኳት፣ እሷም አሸተተችና አየችኝ።

«ሳይለካ እርግጠኛ ነኝ አልልሽም» አልኳት። «ዛሬውኑ ቱቦውን ከውሃው አውጪው። ነገ ጠዋት እሷና እኔ መጥተን ውሃሽን እንቀዳለን።»

«እጄ አይደለም ማለት ነው?»

እጇን ዘርግታ ነበር፣ መዳፏን ወደ ላይ፤ ለሐኪም እንደሚያሳዩት። አየሁት። ሰንበሩ፣ የመረብ ገመድ የቆረጣቸው ቦታዎች፣ የጥፍሮቿ ጥግ ላይ ያለው አረንጓዴ አልጌ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታየኝ።

«እጅሽ የሠራተኛ እጅ ነው» አልኳት። «ተቀመጪና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ያን ጊዜ ተቀመጠች።